ለጆርናል ማኔጂንግ ኤዲተርነት ለተጠየቁት የሐዋሳ ጠያቂ

ውድ ጠያቂ፣

በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዎን ይዘው በሐዋሳ ለአንድ የኮሌጅ ጆርናል (የጥናት መጽሔት) ማኔጂንግ ኤዲተር፣ ማለትም የጽሑፎቹን ጉዞ የሚያስተባብር አርታኢ፣ እንዲሆኑ መጠየቅዎን፣ ዘመዶችዎ «የፊደል ለቀማ ነው» ብለው ሥራውን ማናናቃቸውን፣ የቀድሞ አማካሪዎም ለዚሁ ጆርናል ጽሑፍ አስገብተው «አንተ ካለህበት ይፈጥንልኛል» ማለታቸውን የገለጹበትን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ።

ዘመዶችዎ ሥራውን ከቋንቋ አርታኢ ሥራ ጋር አደባልቀውታል። የቋንቋ አርታኢ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። ጽሑፉ ይታተም ወይስ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ዋና አርታኢው ሲሆን፣ ተባባሪ አርታኢዎች በየሙያቸው ገምጋሚ፣ ማለትም ጽሑፉን አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ የዘርፉ ባለሙያ፣ ይመርጣሉ፣ የግምገማውን ውጤት መዝነውም ሐሳብ ያቀርባሉ። ገምጋሚዎች ያማክራሉ እንጂ አይወስኑም። አንዱ ገምጋሚ «ይታተም»፣ ሌላው «ይጣል» ሲል የአርታኢው ድርሻ ድምፅ መቁጠር ሳይሆን የማን ማስረጃ እንደሚጸና መመርመር፣ ካልጠራም ሦስተኛ ገምጋሚ መጠየቅ ነው።

የእርስዎ ድርሻ ጽሑፉ ከገባበት ቀን እስከሚታተምበት ቀን ያለውን ጉዞ መምራት ነው። የጆርናሉን መመሪያ ማሟላቱን፣ በሰው ወይም በእንስሳ ላይ የተሠራ ጥናት ከሆነም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጣሉ፤ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል በሚያሳይ የመመሳሰል መፈተሻ ሶፍትዌርም ያሳልፉታል። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን መቶኛ ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ በጥናቱ ዘዴ ክፍል ውስጥ የተለመደ የላቦራቶሪ አሠራር በተመሳሳይ ቃላት መገለጹ እና የሌላ ሰው የጥናት ውጤት መገልበጡ ፈጽሞ አይተካከሉም። ከዚያ በኋላ የዘገየን ገምጋሚ ማስታወስና ለደራሲው ጉዳዩ የት እንደደረሰ መንገር ይቀጥላል። ይህን እንደ ጥቃቅን ሥራ አይዩት። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የማዕረግ ዕድገት እውቅና ባለው ጆርናል ከሚታተም ጽሑፍ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ማንም ሳያስታውሰው በገምጋሚ ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ የሚከርም ጽሑፍ የአንድን መምህር ዕድገት ያዘገያል።

የአማካሪዎ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። እርስዎ ውሳኔ ባይሰጡም፣ ውሳኔውን ሊያዛባ የሚችል ነገር በእጅዎ አለ፤ የገምጋሚዎቹን ስም ያውቃሉ፣ የማን ጽሑፍ ቀድሞ እንደሚላክም ሊወስኑ ይችላሉ። ኮፕ በሚል ምህጻር የሚታወቀውና በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አርታኢዎች የጥቅም ግጭትን እንዲያሳውቁና ራሳቸውን ከጉዳዩ እንዲያገልሉ ይመክራል፤ የተማሪና የአማካሪ ዝምድና ደግሞ ግልጽ የጥቅም ግጭት ነው። ስለዚህ ሥራ እንደጀመሩ ዝምድናውን ለዋና አርታኢው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ፋይሉንም ሌላ አርታኢ እንዲከታተለው፣ ለእርስዎም ዝግ እንዲሆን ይጠይቁ። ለአማካሪዎ ደግሞ በአክብሮት፣ «መምህር፣ የእርስዎ ተማሪ በመሆኔ ጽሑፍዎን እኔ መያዝ አልችልም፤ ነገ ሌላ ሰው ጽሑፉ በዝምድና አለፈ ብሎ እንዳይጠረጥርብዎትም እፈልጋለሁ» ይበሏቸው። ሊቀየሙ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ይህን ዛሬ መናገር፣ ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ጥያቄ ከሚነሳበት ይሻላል።

እኔ ሥራውን ቢቀበሉ እመርጣለሁ። ሌሎች ከታተመ በኋላ የሚያነቡትን ጥናት እርስዎ ከነስህተቱና ከነእርማቱ ያዩታል፤ ወደ ሦስተኛ ዲግሪ ለሚያመራ ሰው ይህን የሚተካ ትምህርት ብዙ የለም። ነገር ግን የአርታኢነት ሥራ ብዙ ጊዜ በማስተማር ላይ የሚደረብ ስለሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት የሥራ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነና የማስተማር ክፍለ ጊዜዎ ይቀነስልዎት እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፍልዎት። በግምገማ ላይ ያሉትን ጽሑፎች ዝርዝር ከነገቡበት ቀን አብረው ይጠይቁ፤ የሚረከቡት ውዝፍ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት ያኔ ነው።