ረጃጅም ላይን አሬይ ስፒከር ሳሎን ውስጥ የት ይቁም? ጠይቁኝ

ስለዚህ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ በአንዴ እንጨርሰው። የማወራው ትናንሽ ስፒከሮች ከታች እስከ ላይ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ስለተደረደሩበት የቤት ስፒከር ነው፣ መስቀል አደባባይ ኮንሰርት ላይ ተጠምዞ ስለሚሰቀለው አይደለም።

ጥ፦ ካዛንቺስ ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ሳሎኔ ጠባብ ናት። ሁለት ሜትር ስፒከር አይበዛባትም?

መ፦ ቁመቱ እንኳን የሚጠቅምህ ነው ወንድሜ። ተራ ስፒከር ሊሾውንም ኮርኒሱንም እየመታ ዘግይቶ ጆሮህ ይደርሳል፣ ረጅሙ መስመር ግን ወደ ላይና ወደ ታች ብዙም አይበትንም። ወደ ጎን ግን እንደማንኛውም ስፒከር ይበትናል፣ ስለዚህ ትግልህ ከጎን ግድግዳ ጋር ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ምንም አይምርም። በረጅሙ ግድግዳ በኩል ደርድራቸው፣ ጎንና ጎኑ ይሰፋልሃል። ከዛ ሶፋህ ላይ ተቀመጥና አንድ ሰው መስታወት ግድግዳው ላይ እያስጠጋ ያንሸራትልህ፣ ስፒከሩ የታየህ ቦታ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ አድርግ።

ጥ፦ ከኋላ ግድግዳ ስንት ላርቀው?

መ፦ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንድ ሜትር ብታርቂው 86 ኸርዝ (በሰከንድ 86 ንዝረት) አካባቢ ያለው ቤዝ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ከፊተኛው ጋር ይጣፋና ጉድጓድ ይሆናል፣ ማለት ያ ድምፅ ይደክማል፣ ግማሽ ሜትር ካደረግሽው ጉድጓዱ 171 ኸርዝ ላይ ይወጣል። ጨርሶ ማምለጥ የለም እህቴ፣ ዋናው የኋላውና የጎኑ ርቀት እኩል እንዳይሆን ነው፣ እኩል ከሆነ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ይቆፍራሉ።

ጥ፦ ፒያሳ የድሮ ቤት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ቁመቱ 4 ሜትር። ልዩነት አለው?

መ፦ አለው እንጂ! ስፒከሩ ኮርኒስ ሊነካ ሲደርስ ጠንካራ ስላብ እንደ መስታወት ሆኖ መስመሩን ያስረዝመዋል። ያንተ ግን መሃል ላይ ይቀራል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ከፍ ብለህ አትስቀለው፣ ከስሩ ስታንድ አታስገባ፣ ስትቀመጥ ጆሮህ ከመስመሩ መሃል ብዙ አይራቅ። ወለሉ ጣውላ ከሆነም ከስሩ ከባድ የእብነ በረድ ቁራጭ አስገባ፣ አለበለዚያ ጣውላው አብሮ ይዘፍናል።

ጥ፦ በሩ ጋ ያለውም ሰው እኩል ይሰማል የሚሉት እውነት ነው?

መ፦ በግማሽ። ተራ ስፒከር ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጥላል፣ መስመሩ 3 ብቻ። ግን ይሄ ለሁሉም ድምፅ አይሰራም፣ የ2 ሜትር መስመር 1,000 ኸርዝ ላይ እስከ 6 ሜትር ገደማ ይዞ ይሄዳል፣ 100 ኸርዝ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። በሩ ጋ ቤዙ ሌላ የሚመስለው ለዛ ነው፣ እዛ ያለው ቤዝ ግድግዳ እየመታ የሚመለሰው የክፍሉ ነው።

ጥ፦ የአዲስ አበባ ከፍታ የድምፁን ፍጥነት አይቀይረውም?

መ፦ እሱን የሚቀይረው ሙቀት ነው፣ ከፍታው ራሱ አይደለም። ቀጣይ።

ጥ፦ ከላይ ያለው ጎረቤትስ ያርፋል?

መ፦ ከዘፋኙ ድምፅ ትንሽ ያርፍ ይሆናል። ቤዙ ግን ስላቡን አልፎ ይሄዳል፣ ማታ ማታ ሳብዉፈሩን (ለቤዝ ብቻ የሆነውን ስፒከር) ዝጋው።