«ዋይን» ከ«ወይን» ተሰረቀ እንዴ?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ራት ልንበላ ወጥተን አስተናጋጁን «ወይን አምጣልን» አልኩት። አንዱ ጓደኛዬ «ወይን ፍሬው ነው፤ መጠጡ ወይን ጠጅ ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። ሌላው ደግሞ «ፈረንጆቹም ዋይን የሚሉት ከእኛ ወስደው ነው» አለ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። እርስዎ አልተሳሳቱም። በግዕዝ ወይን ሐረጉም፣ ፍሬውም፣ መጠጡም ነው። አማርኛ ግን ጠጅ የሚባል የራሱ መጠጥ አለውና የወይኑን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብሎ ለየው። ቀለሙም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በጽሑፍ ላይ «ወይን ጠጅ» ማለቱ ይሻላል፤ ግራ አያጋባም። ራት ላይ ግን «ወይን» ስላሉት የፍሬ ዘለላ ይዞ የሚመጣ አስተናጋጅ የለም።

ሥራ ያበዛብኝ ሁለተኛው ወዳጅዎ ነው።

ዋይንና ወይን እንዲህ መመሳሰላቸው ማንንም ያታልላል። ነገር ግን እንግሊዞች ድሮ «ዋይን» አይሉም ነበር። «ዊን» ነበር የሚሉት። ረጅሙ «ኢ» ወደ «አይ» የተለወጠባቸው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ ያውም በዚህ ቃል ብቻ ሳይሆን በመላው ቋንቋቸው። ስለዚህ ጓደኛዎን ያሳመነው «ይ» የቅርብ ጊዜ አጋጣሚ ነው። ቃሉን ራሱን ያገኙት ከሮማውያን ነው። የላቲኑ «ዊኑም» ወደ ሰሜን ሲሻገር የመጀመሪያ ፊደሉ ገና «ወ» ነበር። በኋላ ላቲን ራሱ ወደ «ቭ» ዞረ፤ ለዚህ ነው ጣልያኖች ዛሬ «ቪኖ» የሚሉት። ተበዳሪው የአባቱን ድምፅ ጠብቆ ሲቀር ልጁ ለወጠው ማለት ነው።

ታዲያ ላቲኑስ ከየት አመጣው? እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል።

ዊልያም ጆንስ የተባለ የእንግሊዝ ዳኛ በ1786 እ.ኤ.አ. ካልካታ ላይ አንድ ንግግር አደረገ። ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን የሚመሳሰሉት ከአንድ ምንጭ ስለፈለቁ ነው፣ ያ ምንጭም ምናልባት ዛሬ የለም አለ። ያንን የጠፋ ቋንቋ የኋላ ሊቃውንት ቀዳማይ ኢንዶ-አውሮፓዊ ብለውታል። በጽሑፍ የተረፈ አንድም ቃል የለውም። የምናውቀው ልጆቹን አሰልፈን ወደ ኋላ በመቁጠር ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ የተገኘ ቃል ሁሉ ፊቱ ላይ ኮከብ ይደረግበታል፤ «ማንም ሲጽፈው አላየነውም» ለማለት።

አሰላለፉ በመምሰል አይደለም፤ በሕግ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሥራን እንግሊዝኛ «ወርክ»፣ ግሪክኛ «ኤርጎን»፣ አርመንኛ «ጎርጽ» ይለዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት አይገናኙም። ነገር ግን የጥንቱ «ወ» በእንግሊዝኛ ይቆያል፣ በግሪክኛ ይጠፋል፣ በአርመንኛ «ግ» ይሆናል። አሁን ወይናችንን በዚሁ ሚዛን ይመዝኑት፦ ግሪኩ «ኦይኖስ»፣ አርመኑ «ጊኒ»። ልክ ገባ። ማይክል ቬንትሪስ በ1952 እ.ኤ.አ. የፈታው ጥንታዊ የግሪክ ጽሑፍ ደግሞ ቃሉን ገና በ«ወ» ይጽፈዋል። የጠፋው ፊደል ከሸክላ ላይ ተገኘ።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሊቃውንት ወይንን «*ወይ-» ከሚል ሥር ያወጡታል። ትርጉሙ መጠምዘዝ፣ መጠቅለል ነው። በሩሲያኛ «ቪት»፣ በሊትዌንኛ «ቪቲ» መግመድ፣ መፍተል ነው። በላቲን «ዊቲስ» የወይን ሐረግ ነው። ሐረጉ አጥር ላይ ሲጠመዘዝ ያየ ሰው ስያሜው አይገርመውም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ዋየር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ያ ወገን ልክ ከሆነ ወይን ጠጁና ዋየሩ ዘመዳሞች ናቸው!

ሌሎቹ ግን አይስማሙም። ቃሉ በኢንዶ-አውሮፓ ቤት ብቻ አይደለም ያለው ይላሉ። ከዚያ ቤተሰብ ያልሆነው ጆርጂያኛ «ግቪኖ» ይላል። እኛ ሴማውያኑም አለን። እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ ከዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ የሸክላ ማሰሮዎች የወይን ጠጅ ኬሚካላዊ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። መጠጡ ከነስሙ ከካውካሰስ አካባቢ ተነሥቶ በየገበያው ዞሯል ባዮች ናቸው። እኔን ቢጠይቁኝ ወደ እነዚህ አደላለሁ። ቡና እንኳ በየሄደበት ስሙን ይዞ አይደል የሚሄደው?

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ዕብራይስጡ «ያይን» ነው። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ከወይን ጋር አይመሳሰልም ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። የእኛ ወለደ በዕብራይስጥ «ያላድ»፣ ወረደ «ያራድ» ነው። በቃል መነሻ ላይ ያለው «ወ» እዚያ «ይ» ይሆናል። ግዕዝና ዐረብኛ ግን ጠብቀውታል። በደቡብ ዐረቢያ የሳባ ጽሑፎች ላይም «ወይን» የወይን እርሻ ነው። ስለዚህ ወይን የግዕዝ ብቻ ሀብት አይደለም፤ ወንድሞቹም ይዘውታል። መጠጡ ራሱ ከባሕር ማዶ ይገባልን እንደነበር ደግሞ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የግሪክ ነጋዴዎች መመሪያ ይመሰክራል። አዱሊስ ወደብ ላይ የሎዶቅያና የጣልያን ወይን ጠጅ፣ ብዙም ባይሆን፣ ይራገፍ ነበር።

ስለዚህ ጓደኛዎ ከፊሉን አግኝቷል። ዋይንና ወይን የሩቅ ግንኙነት አላቸው፤ ግን እንግሊዙ ከእኛ አልወሰደም፣ እኛም ከእሱ አልወሰድንም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። እስር ቤትን «ወይኒ ቤት» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ሰው አያለሁ። ትክክሉ ወህኒ ቤት ነው፤ በጎንደር ዘመን የነገሥታት ዘር ይታሰርበት የነበረው አምባም ወህኒ ነው። ወይን እዚያ ውስጥ የለበትም።