ለቀጥታ ስርጭት ስንት ጊጋባይት ይበቃል?

ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም፣ በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሞባይል ዳታ ቀጥታ ስርጭት ለማስተላለፍ ወይም ለመከታተል ምን ያህል ጥቅል እንደሚያስፈልግ የሚጠይቁ ናቸው። በባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ስልኩን ይዞ ሲጠብቅ ስርጭቱ በመሐል መቋረጡ የሚያሳዝን ነገር በመሆኑ፣ ስሌቱን ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ሠርግ በደሴ ይከናወናል። ታላቅ ወንድማችን ሪያድ፣ አክስታችን ደግሞ ዋሽንግተን ስለሚኖሩ ሥነ ሥርዓቱን በስልኬ በቀጥታ ላስተላልፍላቸው አስቤአለሁ። ለአራት ሰዓት ስርጭት ስንት ጊጋባይት ልግዛ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ፍጆታውን የሚወስነው ስልክዎ በየሰከንዱ የሚልከው የመረጃ መጠን፣ ማለትም ቢትሬት የሚባለው ነው። ቢትሬት የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን ጥቅል የሚሸጠው ግን በሜጋባይት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ስልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3600 ሜጋቢት ይልካል፤ ይህም ለስምንት ሲካፈል 450 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን 450 የሚለውን ቁጥር በቃልዎ ቢይዙት ሌላው ሁሉ ማባዛት ብቻ ነው።

ባለ 720 ጥራት ምስል በሰከንድ በ2.5 ሜጋቢት ቢያስተላልፉ በሰዓት 1125 ሜጋባይት ይፈጃል። በ128 ኪሎቢት (1000 ኪሎቢት አንድ ሜጋቢት ነው) የሚላከው ድምፅ 58 ሜጋባይት ያህል ሲጨምርበት ደግሞ በሰዓት ወደ 1.2 ጊጋባይት፣ በአራት ሰዓት ወደ 4.7 ጊጋባይት ይደርሳል። በመንገድ የጠፋ መረጃ በድጋሚ ስለሚላክና አስቀድሞ መሞከርም ስለሚያስፈልግ፣ 6 ጊጋባይት ቢይዙ ሐሳብዎ ያርፋል። ጥራቱን ወደ 480፣ ቢትሬቱንም ወደ 1 ሜጋቢት ዝቅ ቢያደርጉ ግን ለአራቱ ሰዓት 2.5 ጊጋባይት ይበቃዎታል። የእኔ ምርጫ ይህኛው ነው፤ ተመልካቾቹ በስልክ የሚያዩ ከሆነ የሙሽሪት ፊት በ480ም ይታያል። ከድምፁ ግን አይቀንሱ፤ ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ የሽማግሌ ምርቃት ሲቆራረጥ ግን ስርጭቱ ከነጭራሹ ትርጉም ያጣል።

በቂ ጥቅል መግዛት ብቻውን ስርጭቱን አያሳካም። ወሳኙ የመላኪያ ፍጥነት ነው፤ ይህም ከሚያወርዱበት ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከቢትሬቱ ቢያንስ እጥፍ የሆነ የመላኪያ ፍጥነት መኖሩን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆመው ይለኩ። ባዶ አዳራሽ ላይ የተለካው ግን ሙሽሮቹ ሲገቡ እንደማይገኝ ይወቁ፤ መቶዎች እንግዶች በአንድ ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ የኔትወርክ ምሰሶ ይሻማሉና። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ኔትወርክ ስላለ፣ የሁለቱም ሽፋን ባለበት ቦታ ሁለተኛ ሲም በመጠባበቂያነት መያዝ ብልህነት ነው።

ጥያቄ፦ ተመልካቹ ሲበዛ የእኔም ዳታ በዚያው ልክ ይበላል?

መልስ፦ አይበላም። በዩቲዩብ ወይም በፌስቡክ ሲያስተላልፉ ስልክዎ ምስሉን የሚልከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሺህ ሰው የሚያባዛውና የሚያከፋፍለው የድርጅቱ ሰርቨር ነው። የቡድን የቪዲዮ ጥሪ ግን የተለየ ነው፤ እርስዎ ከሚልኩት በተጨማሪ የሌሎቹን ተሳታፊዎች ምስል ስለሚቀበሉ፣ ካሜራ የከፈተ ሰው በበዛ ቁጥር ፍጆታዎ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ እናቴ እሑድ እሑድ ቅዳሴ በስልክ ይከታተላሉ። በ3ጂ ሳለን አንድ ጊጋባይት ለሁለት እሑድ ይበቃ ነበር። 4ጂ ከገባልን ወዲህ አንድ ቅዳሴ እንኳ አያስጨርስም። ዳታው ወዴት ይሄዳል?

መልስ፦ ዳታውን የበላው የኔትወርኩ መሻሻል ራሱ ነው። ቀጥታ ስርጭት በልዩ ልዩ የጥራት ደረጃ ተዘጋጅቶ፣ ጥቂት ሰከንድ ወደሚረዝሙ ቁራጮች ተከፋፍሎ ይቀርባል፤ የጥራት ምርጫው አውቶማቲክ ላይ ሲሆን መተግበሪያው ኔትወርኩ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛውን ደረጃ ይመርጣል። በ3ጂ ባለ 240 ይመጣ የነበረው ምስል አሁን ባለ 720 ሆኖ በ2.5 ሜጋቢት ከመጣ፣ አንድ ጊጋባይት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የጥራት ምርጫውን ራስዎ 240 ላይ ያድርጉላቸው። በ0.3 ሜጋቢት ሲሰላ በሰዓት 135 ሜጋባይት፣ ለሦስት ሰዓት ቅዳሴ ደግሞ 400 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህ ምርጫ በአንዳንድ መተግበሪያዎች በየስርጭቱ ወደ አውቶማቲክ ስለሚመለስ፣ እናትዎ በራሳቸው እንዲያስተካክሉት ጊዜ ወስደው ያሳዩአቸው። ስልኩን በፊቱ መድፋት ምስሉ እንዳይወርድ አያደርግም፤ ማዳመጥ ብቻ የሚሹ ከሆነ ድምፅ ብቻ የሚያሰራጭ አማራጭ ይፈልጉላቸው፤ በ64 ኪሎቢት የሚመጣ ድምፅ በሰዓት የሚፈጀው 29 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የስልኬ ቆጣሪ 3.1 ጊጋባይት ሲል የኔትወርክ አቅራቢዬ 3.4 ቆጥሯል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ጥቅልዎ የሚቀነሰው በአቅራቢው ቆጠራ ስለሆነ ዕቅድዎን በእርሱ ላይ ይመሥርቱ። ልዩነቱ ግን የግድ ማጭበርበር አይደለም፤ አንዱ ጊጋባይትን በ1000፣ ሌላው በ1024 እያባዛ ሲቆጥር ብቻ የ7 በመቶ ልዩነት ይፈጠራል። የስልኩ ቆጣሪ የሚጀምርበት ቀንም ጥቅሉ ከተገዛበት ቀን ጋር ላይገጥም ይችላል። ከቆጠራ ልዩነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከጀርባ የሚሠራው መተግበሪያ ነው። የአጎቴን ተዝካር ለልጆቹ በቀጥታ ሳስተላልፍ ስርጭቱ በአርባኛው ደቂቃ ተቋረጠ፤ ለካስ ስልኬ በዚያው ሰዓት ጠዋት የቀረጽኳቸውን ቪዲዮዎች ወደ መጠባበቂያ ማከማቻ እየላከ ኖሯል። ልጆቹ ፍትሐቱን ሳያዩ ቀሩ፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ከስርጭት በፊት የፎቶ መጠባበቂያውንና የመተግበሪያ ማደሻውን ያጥፉ፤ ሆትስፖት የሚጠቀሙ ከሆነም ከእርስዎ ውጭ ማንም አለመገናኘቱን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኳስ ከሌላ ፕሮግራም የበለጠ ዳታ ይበላል?

መልስ፦ በተመሳሳይ ቢትሬት እስከመጣ ድረስ አይበላም፤ እንቅስቃሴው ፈጣን ስለሆነ የሚጎዳው ጥራቱ ነው፣ ሣሩ የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው። በ480 ጥራት በ1.2 ሜጋቢት ቢመለከቱ፣ ዕረፍቱና የባከነው ደቂቃ ተደምሮ ለ110 ደቂቃ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። በዕረፍቱ ሩብ ሰዓት መተግበሪያውን ቢዘጉ 135 ሜጋባይት ይተርፍዎታል።