ክዳኑን አትዝጉት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። በሃይላንድ ጠርሙስ አረንጓዴ ፈሳሽ ይዟል። ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶታል፣ የጠርሙሱ ሆድ ተነፍቷል። «ጋሼ፣ ወርቁ እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ። ጠርሙሱን ተቀብዬ ጓሮ ወጣሁና ፊቴን አዙሬ ክዳኑን ቀስ እያልኩ አላላሁት። አፏጨ፤ ቀጥሎ ቡናማ ጭስ ወጣ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ደረቱ ላይ ይፈነዳበት ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ በስልካቸው ቪዲዮ አይተው ከአሮጌ ስልክ ሰሌዳ ወርቅ በአሲድ ለማውጣት ለሚሞክሩ ልጆች ነው።

ፈሳሹን «የንጉሥ ውሃ» ይሉታል፣ የማዕድናት ንጉሥ የተባለውን ወርቅ ስለሚያሟሟ። የተለመደው ልክ ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ወርቅን አይደፍሩትም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር በሠርግ ነበር የማስረዳው። ናይትሪኩ ከወርቁ አቶም ኤሌክትሮን ቀምቶ ሙሽራውን ከቤት ያስወጣዋል፣ ግን ብቻውን ከሆነ ሙሽራው ደጃፍ ሳይደርስ ይመለሳል። ከሃይድሮክሎሪኩ የሚመጡት አራት ክሎራይዶች ናቸው ሚዜዎቹ፤ ግራና ቀኝ ይዘው እንዳይመለስ ያደርጉታል። ደጅ ላይ የቆመ ስለሌለ ናይትሪኩ ሌላውን ያወጣል፣ ከዚያ ሌላውን። ተማሪዎቼ ቀመሩን ቢረሱም ሚዜዎቹን አይረሱም።

ፕላቲነምም በዚሁ ይሟሟል፣ ግን ሙቀትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ብር የበዛበት ወርቅ ደግሞ ያስቸግራል። ከብሩና ከክሎራይዱ የሚፈጠረው ነጭ ቅርፊት ወርቁን ሸፍኖ አሲዱን ያግደዋል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ሌላ ዘዴ ነበራቸው፤ ወርቁን ከብር ጋር አቅልጠው ወርቁ ሩብ ያህል ብቻ እንዲሆን ያደርጉና ብሩን በናይትሪክ ብቻ ያጥቡታል። ወርቁ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አንጥረኛን ቡዳ እያለ ሲሸሽ በኖረ አገር ይህን ሁሉ ጥበብ ማን ጠይቆ ይማር? እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፣ ቢያንስ መጠየቅ አያሳፍራችሁም።

እኔ ግን ሳልጠይቅ ነው የተማርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አጎቴ ወርቅ ቤት ውስጥ እረዳ ነበር። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር የተጠራቀመ የአንድ ዓመት ሙራጅ ነበረን። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ሞክር» አለኝ። አሲዱን እንዳይጎድል ብዬ አብዝቼ አፈሰስኩ፤ ሁሉም ሟሟ፣ ደስ አለኝ። ወርቁ ዱቄት ሆኖ እንዲወርድ ፌረስ ሰልፌት የሚባለውን የብረት ጨው ጨመርኩበት። ፈላ፣ ጨሰ፣ ምንም አልወረደም። እስከ ማግሥቱ ጠብቄ «ወርቅ አልነበረበትም» ብዬ አጥሩ ሥር ደፋሁት።

ወርቁ ግን ነበረ። የተረፈው ናይትሪክ አሲድ የጨመርኩትን ሁሉ እየበላ ወርቁን እንዳይወርድ ይዞት ነበር። ናይትሪኩን በትንሽ በትንሹ ጠብ እያደረግሁ፣ ጥቂት ወርቅ ሳይሟሟ ሲቀር ማቆም ነበረብኝ። ካለፈም ትርፉን በቀስታ እያሞቁ ማባረር ይቻላል። ሌላው ቢቀር የመዳብ ቁራጭ ብነክርበት ወርቁ ቀስ በቀስ መዳቡ ላይ ይሰፍር ነበር። አጎቴ አልተቆጣም። አጥሩን አይቶ «አፈሩስ ጠገበ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የሟሟ ወርቅ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመኖች ኮፐንሃገን ሲገቡ ጆርጅ ደ ሄቬሲ የተባለው ኬሚስት በኒልስ ቦር ተቋም ውስጥ የጀርመናውያኑን የፊዚክስ ሊቃውንት የማክስ ፎን ላዌንና የጄምስ ፍራንክን የኖቤል ሜዳሊያዎች በንጉሥ ውሃ አሟሟቸው። ከጀርመን ወርቅ ማውጣት ወንጀል ነበር፣ ሜዳሊያዎቹ ላይ ደግሞ ስማቸው ተቀርጿል። ፈሳሹ መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ተቀመጠ፣ ማንም አልነካውም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ተመልሶ ሜዳሊያዎቹ እንደገና ተሠሩ። ሰውዬው ሲያሟሟው መመለሻውን ያውቅ ነበር።

ስለ ጭሱ ልመለስ። ቡናማው ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲተነፍሱት ጉሮሮ ቆንጠጥ አድርጎ ይተዋል፣ ሰው «አለፈ» ይላል። ከሰዓታት በኋላ ሌሊት ላይ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ በከሰል በምትሞቁበት ጠባብ ቤት፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ይህን አትሞክሩ። ከተነፈሳችሁት ሳያማችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። የተረፈውንም ቀሃ ወንዝ አትድፉት። የስልክ ሰሌዳ ከወርቅ ይልቅ መዳብ ይበዛበታል፣ ብየዳው እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ከታች ልብስ የሚያጥብ ሰው አለ። በአንድ ስልክ ውስጥ ያለው ወርቅ ደግሞ በሚሊግራም የሚቆጠር ነው፣ አስቡት።

ልጁን ስንት ስልክ እንደፈታ ጠየቅሁት። ሰባት አለ። ፈሳሹን ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ገለበጥነው። ቆርቆሮ፣ የጣራውን ሳይሆን ቲን የሚባለውን፣ በሃይድሮክሎሪክ አሟሙቼ የማስቀምጣት ትንሽ ጠርሙስ አለችኝ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ከእሱ አንድ ጠብታ፣ ከእኔ አንድ ጠብታ አገናኘን። ጠርዙ ላይ ስስ ሐምራዊ ቀለበት ወጣ። ወርቅ አለ ማለት ነው፣ ጥቂት። የመዳብ ሽቦ ነከርኩበትና ማሰሮውን ሳልዘጋ ጓሮ፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት።

«ቅዳሜ ስመጣ ወርቅ ሆኖ አገኘዋለሁ?» አለኝ።

«ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነው የምታገኘው» አልኩት። «ጭቃ መስሎህ እንዳትደፋው።»