ራዲዮሎጂ ተምሬ የጥይት ምርመራ ላይ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ልቤ ግን በጥይት የተፈጸመ ወንጀል ምርመራ ላይ ነው። ትምህርቱን አቋርጬ ፖሊስ ልግባ?

እህቴ፣ በፍጹም እንዳታቋርጪ። የምትመኚው ሥራ ግማሹ እጅሽ ላይ ነው። ራጅ በተገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የካናዳዋ ሞንትሪያል ውስጥ እግሩን የተመታ ሰው ራጅ ተነስቶ ጥይቱ ታየ፤ ምስሉም ፍርድ ቤት ቀረበ። ዛሬ ደግሞ በስዊዘርላንዷ በርን በተጀመረው ቨርቶፕሲ በሚባል አሠራር፣ አስከሬኑ ከመከፈቱ በፊት በሲቲ ስካን ይታያል።

ምስሉ ምን እንደሚናገር ላሳይሽ። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ፣ በገባበት በኩል ቀዳዳው ከውጭ ጠበብ፣ ከውስጥ ሰፋ ይላል። በወጣበት በኩል ተቃራኒው ነው። ሲቲው ላይ ይህን በደንብ ካየሽ ሟቹ ከፊት ይመታ ከኋላ መለየት ይቻላል። ተከሳሹ «ራሴን ስከላከል ነው» ካለ፣ ይህች ልዩነት የሰው ዕጣ ፈንታ ትወስናለች።

የምስሉንም ድንበር እወቂ። ጥይቱ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ ራጅ አይነግርሽም። እሱን የሚለየው የመሣሪያ መርማሪው ነው፤ ጥይቱ ላይ የቀሩትን ጭረቶች በማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ አይቶ። ራጅ ላይ ለክተሽ «ካሊበሩ (የጥይቱ ውፍረት) ይሄ ነው» እንዳትዪ፤ ጥይቱ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር ገዝፎ ይታያል። የሞት መንስኤውንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ታዲያ ያንቺ ድርሻ ምንድን ነው? ምንም ሳያመልጥ ማንሳት። ልብሱ ሳይወልቅ አንሺ፤ ጥይት ልብስ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጎን። መግቢያ ኖሮ መውጫ ከሌለ፣ ጥይቱም ከጠፋ፣ መላ ሰውነቱን ፈልጊ፤ ከደም ጋር ተጉዞ ሩቅ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ማን፣ መቼ እንዳነሳው ይጻፍ። ያ ምስል እንደ ማንኛውም ኤግዚቢት፣ ማለትም ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ማስረጃ፣ ነው።

ሥራው ከባድ ነው፤ ሕፃናትም ይመጣሉ። ይህን አስቢበት።

ከተመረቅሽ በኋላ ቁስለኛ የሚበዛበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተቀጠሪ፣ ሲቲ ላይ እጅሽን አፍታቺ። እስከዚያው ትምህርት ክፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቂና የአስከሬን ምርመራ ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሂጂ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ ከጳውሎስ ጀምሪ። ከተፈቀደልሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚሁ ላይ ሥሪው።