መልስ፦ የኦስትሪያ ፈረሰኛ መኮንን ጎራዴ ነው? ደማስቆውስ እውነተኛ ነው?

ያለህ ጎራዴ የኦስትሪያ ፈረሰኛ መኮንን መሆኑንና ስለቱ እውነተኛ ደማስቆ (ድርብርብ ብረት ተቀጥቅጦ ሞገድ መሰል ንድፍ ያወጣ) መሆኑን ጠይቀኸኛል። በገለጽከው መሠረት አዎ፣ የፈረሰኛ ነው። የእጅ መከለያው ሰፊ የብረት ሳህን ሆኖ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ካሉት፣ መጀመሪያ ከ1869 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጋር አስተያየው። የ1861ዱ የእግረኛ መኮንን ጎራዴ እጅን የሚከልለው በአንድ ቀጭን ቅስት ብቻ ነው።

ስለቱ ላይ ያለው ሞገድ ከተደራረበ ብረት የተቀጠቀጠ ይሁን በአሲድ የተሳለ ለመለየት፣ በደማቅ ብርሃንና በማጉያ መነጽር እየው፦

1. ጀርባውን ተመልከት። እውነተኛ ከሆነ የብረቱ ድርብርብ እዚያም ይታያል። መስመሮቹ ጠርዝ ላይ ድንገት ከቆሙ ጠርጥር።
2. ቦዩን (በስለቱ ርዝመት የተቦረቦረውን መስመር) ከጎኑ ጋር አወዳድር። ብረቱ እዚያ ጠልቆ ስለተሞረደ ንድፉ መልኩን ይቀይራል። አንድ ዓይነት ቅርጽ እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ከተደጋገመ የተሳለ ሊሆን ይችላል።

ጎራዴው ላይ ያለው የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የፍራንዝ ዮሴፍ የስም ምልክት የሚነግርህ ዘመኑን (1848–1916) ብቻ ነው፤ ስለ ብረቱ ምንም አይልም። የክፍለ ጦር ማኅተም ባይኖረው አትደንግጥ። መኮንኖች ጎራዴያቸውን በራሳቸው ገንዘብ ነበር የሚገዙት፤ የደማስቆ ስለትም አቅም ያለው ጨምሮ የሚያዘው ነበር። ይልቅ መከለያው ሥር የሠሪ ስም ፈልግ፤ ዞሊንገን (በስለት ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ) ወይም ቪየና የሚል ካገኘህ ጥሩ ፍንጭ ነው።

አደራ፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው! እንዲህ ተፈግፍጎ ንድፉ የጠፋ ስለት አይቻለሁ፤ ተራ ብረት ነው የሚመስለው። ለዝገቱ ቀጭን ዘይት የነካ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ንድፉን በአሲድ መልሶ ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክረው።