ስለ አፍላ ዕድሜ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አፍላ ዕድሜ የሚያነሡ ናቸው። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ያንን ዕድሜ አልፈው ወደ ኋላ የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ያኔ የነበሩትን ልጅ አጥብቀው ይከስሱታል። ክሱ ሁልጊዜ ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ጥያቄ፦ የ25 ዓመት መምህርት ነኝ። ከሞላሌ አካባቢ መጥቼ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ነበር ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት። በቅርቡ የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬን አግኝቼ ሳነብ፣ እናቴ ስንቅ ይዛልኝ ስትመጣ የክፍል ጓደኞቼ በባዶ እግሯ እንዳያዩአት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እየተቀበልኩ ከዚያው እሸኛት እንደነበር ጽፌ አገኘሁ። አፈርኩ። ደብተሩን ላቃጥለው?

መልስ፦ አታቃጥዪው። በ15 እና በ16 ዓመት ዕድሜ የእኩዮች ዓይን ከማንኛውም ነገር በላይ ይከብዳል፤ ግራ ቀኙን አመዛዝኖ ለመወሰን የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ በስሎ የሚጨርሰው ዕድሜ ወደ 25 ሲጠጋ ነው። ይህን የምጽፈው ያደረግሽው ልክ ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ማንም ሳይጠይቅሽ ድርጊቱን በእጅሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ፤ ምንም ያልተሰማት ልጅ ይህን ለመጻፍ ብዕር አታነሣም። ስለዚህ ዛሬ የምታፍሪበት ስሜት ዛሬ የተወለደ ሳይሆን ያኔም በውስጥሽ የነበረ፣ ግን ከጓደኞችሽ ሳቅ ፊት ለመቆም አቅም ያልነበረው ነው።

በደብዳቤሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ ያነሣሻቸው ነገሮች ደግሞ አሉ፤ እንጀራው ሳይሻግት እንዲያልቅ በቀን ተከፋፍሎ መበላቱ፣ እሱ ሲያልቅ በሶው፣ በኅዳር ውርጭ ጋቢ ተከናንበሽ ከሰል ላይ ሽሮ እየጣድሽ ማጥናትሽ፣ የቤት ኪራዩን ከወሩ ማለቂያ በፊት ለይቶ ማስቀመጥ። ይህን ሁሉ ያደረገችው ያችው ልጅ ናት፤ ፍርድ ካስፈለገ መዝገቡ ተሟልቶ ይታይ። እናትሽን በተመለከተ፣ ነገሩን ያኔውኑ ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ቁጭ አድርገሽ ይቅርታ ብትጠይቂያቸው ሊያስጨንቃቸው ይችላል። ይልቅ በዓመት በዓል ሰሞን ጥሪያቸውና የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ግቢ ድረስ ወስደሽ «እናቴ ናት» ብለሽ ከባልደረቦችሽ ጋር አስተዋውቂያቸው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የምኖር እናት ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ከተማ ተቀምጦ 9ኛ ክፍል ይማራል። ለገና ሲመጣ ረፋድ ድረስ ይተኛል፤ ስንጠይቀውም «ደኅና ነው» ከማለት በቀር አይናገርም። ድሮ አፉ አያርፍም ነበር። ታሞብኝ ይሆን ወይስ ንቆን?

መልስ፦ እንቅልፉ በአብዛኛው የዕድሜው ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነት የእንቅልፍ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ይገፋዋል፤ ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ባይወስደው፣ ሲነጋ ደግሞ ቢከብደው ስንፍና አይባልም። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛትም ይገባዋል። ዝምታውን በተመለከተ፣ ፊት ለፊት አስቀምጦ መጠየቅ እንዲህ ያለውን ልጅ የባሰ ይዘጋዋል። አባቱ ውድማ ላይ መንሹን ያስይዙት፤ እጅ ሥራ ላይ ሲሆንና ዓይን ለዓይን መተያየት ሲቀር ወሬው ራሱ ይመጣል። ሆኖም ምግብ ከተወ፣ ከጓደኞቹ ጭምር ከተለየ፣ ወይም ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ የዕድሜው ነው ብለው አይተዉት፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው፤ 20 ዓመቴ ነው። 9ኛ ክፍል ሳለሁ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ በኋላም በጸጥታው ምክንያት ትምህርታችን ተቆራረጠ። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ አላለፍኩም። አሁን ከአባቴ ጋር ማሾና ሽንኩርት እናመርታለን፤ ሽያጩንና ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። የአፍላ ዕድሜዬ በከንቱ እንዳለቀ ይሰማኛል።

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ ፈተናው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። መቶ ተፈታኝ ተቀምጦ ዘጠና ሰባት ያህሉ የሚወድቅበት ፈተና የአንድን ልጅ ስንፍና የሚመሰክር ሳይሆን ያ ልጅ ያለፈባቸውን የትምህርት ዓመታት የሚያሳይ ነው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ሲዘጉ አንተ ቁልፉን አልያዝክም።

ሁለተኛው ነገር ከንቱ ስላልከው ዘመን ነው። የአገራችን ልጅ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወልደው፣ ገና ብላቴና ሳሉ በ1848 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ አምልጠው ሸዋ የገቡት በ1857 ዓ.ም. ነው። አፍላ ዕድሜያቸው እንዳለ ያለቀው ከአባታቸው አልጋ ርቀው፣ በሰው እጅ ሆነው ነው። ያንን ጊዜ በሸዋ ሆኖ ያያቸው ሰው የባከነ ዕድሜ ይለው ነበር፤ ነገር ግን መንግሥት እንዴት እንደሚመራ በቅርብ ያዩት እዚያው ነው። የንጉሥ ልጅን ታሪክ ለፈተና ለወደቀ ወጣት መጥቀሴ እንደማይመጣጠን አውቃለሁ፤ አንተን የሚጠብቅህ ዙፋን የለም። ልወስድልህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በአፍላ ዕድሜው የሚማረውን ነገር ሁልጊዜ አይመርጠውም፣ የተማረውንም ወዲያው አያውቀውም።

በደብዳቤህ ውስጥ «ሽያጩንና ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በጨረፍታ አልፈኸዋል። ከደላላ ጋር ተከራክሮ ዋጋ መቁረጥ፣ የውሃ ተራ ማስከበር፣ የዘርና የማዳበሪያ ወጪን ቀንሶ ትርፉን ለይቶ ማወቅ ከየት መጣ? የ15 ዓመት ልጅ ሳለህ አባትህ ይህን አምኖ ይሰጥህ ነበር? ትምህርቱን ከፈለግኸው በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም፣ ቴክኒክና ሙያ መግባትም አለ። እነዚህን የምታመለክተው ግን የጎደለ ሰው ነኝ ብለህ አይሁን።

ጥያቄ፦ የአረርቲ ተማሪ ነኝ፤ 17 ዓመቴ ነው። ከአምና ዘንድሮ መለወጤን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በስሜትሽ አትለኪው፤ ስሜት በዚህ ዕድሜ በቀን ብዙ ጊዜ ይገለባበጣል። አምና ያቃተሽን ነገር ጻፊ፤ ለምሳሌ «አይሆንም» ልትዪው ያልቻልሽውን ሰው፣ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥተሽ ያልጠየቅሽውን ጥያቄ። በየመስከረሙ ዝርዝሩን አውጥተሽ እይው። የተሰረዘ ካለ ተለውጠሻል፤ ከሌለም የዓመቱ የቤት ሥራ ተገኝቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አንኮበር አካባቢ የምኖር የ52 ዓመት አባት ነኝ። በእኛ ጊዜ ወጣት ቁም ነገረኛ ነበር። የ16 ዓመት ልጄ ግን ከስልኩ ዓይኑን አይነቅልም። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ ስለ ማስታወስ ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት፣ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ሰው አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነውን ነው፤ ስለዚህ ያ ዘመን ከሌላው ሁሉ የደመቀ ቢመስልዎ አያስገርምም። እርስዎም በ16 ዓመትዎ ከብት ጥለው ጨዋታ የሄዱበት፣ እህል የተበላበት ቀን መኖሩን አልጠራጠርም። ስልኩን ማታ ማታ ከመኝታው ያርቁለት፤ ይህን ማድረግ የአባት ሥልጣንዎ ነው። «በእኛ ጊዜ» የሚለውን ንግግር ግን ለጊዜው ያቆዩትና፣ ከብቱ እህል ውስጥ የገባበትን ቀን ታሪክ ከነጥፋቱ ይንገሩት።